ዘግይቶ የወጣው መስመር

«ይሄ ምንድነው ታዲያ? ዓይን የለህም?»

«እናቴ፣ ስሚኝ። ይሄ ዛሬ አይነበብም። ጊዜው አልፏል።»

«መስመር እኮ ነው፣ ወተት አይደለም። እንዴት ያልፋል?»

በሩ አጠገብ ወረፋ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ሳቁ። የላብራቶሪ ባለሙያው ግን አልሳቀም። የቤት አከራዬ ጠረጴዛው ላይ ያኖረቻትን ነጭ ፕላስቲክ በጣቱ ጫፍ ወደ እሷ ገፋት፤ እሷም በመዳፏ መልሳ ገፋችለት። የጣት ርዝመት ያላት፣ መሃሏ ላይ ጠባብ መስኮት የተከፈተባት የወባ መመርመሪያ ናት፤ እኛ ኪት እንላታለን። አንድ ጠብታ ደም ትጠጣለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በመስኮቷ ላይ አንድ መስመር ከታየ ወባ የለም፣ ሁለት ከታየ አለ። ይቺን ኪት ከሦስት ቀን በፊት ያነበብኳት እኔ ነበርኩ። ያኔ አንድ መስመር ነበራት። አሁን ሁለት ሆነዋል። ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ የደበዘዘ፣ ተማሪ በላጲስ ፈግፍጎ ፈግፍጎ ያልጠፋለት ዓይነት መስመር። ግን አለ።

«ቆይ፣ ይሄ እንዴት እጅሽ ገባ?» አለ ባለሙያው። «ያገለገለ ኪት የሚጣለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ማነው የሰጠሽ?»

የቤት አከራዬ ወደ እኔ አላየችም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። እኔ ግን መዝገቤ ላይ በማቀርቀሬ ራሴን አጋለጥኩ።

«አንቺ!» አለኝ። «አንቺ ነሽ?»

«ለማስታወሻ የፈለገችው መስሎኝ…»

«ማስታወሻ! የሰው ደም ለማስታወሻ ይሰጣል? ግጥም መሰለሽ?»

እንደገና ሳቁ። እኔም ብስቅ ደስ ይለኝ ነበር።

መንጌ ወደምትባለው ከተማ የሄድኩት ለካርድ ክፍል ሠራተኝነት ነው። ያደግሁት ከአሶሳ ወጣ ብለው ካሉት፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ከወጣላቸው የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ከመንጌ ወጣ ያለች ትንሽ ክሊኒክ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ትፈልጋለች ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። እንደዚያ ዓመት አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተኝ ጊዜ አልነበረም፤ ማንኛውም «ነይ» የሚል ነገር ይበቃኝ ነበር። ሥራዬ ስም መመዝገብና ካርድ ማውጣት ነው። ከክረምት መውጫ በኋላ ግን በሽተኛ ሲበዛ ባለሙያው ጣት ይወጋል፣ እኔ በስልኬ ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ መስመር አያለሁ፣ «አለ» ወይም «የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ካርቶን የሚወጣው የመመሪያ ወረቀት ጀርባው ባዶ ስለነበር ግጥሞቼን እዚያ ላይ እጽፍ ነበር። ስለዚህ መመሪያውን ሳልፈልግ በቃሌ ያዝኩት። ከሩብ ሰዓት በፊት አታንብብ። ከተባለው ሰዓት በኋላም አታንብብ። ለምን አታንብብ እንደሚል ግን አልጻፈም።

የቤት አከራዬ የበርታ ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ወንዝ ዳር ወርቅ ስታጥብ የኖረች፣ ዓይኗ ስር ቆዳው የተጨማደደ፣ ድምጿ የሚያስተጋባ ሴት። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ እኔን ሁልጊዜ «አንተ» ነው የምትለኝ፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ከሦስት ቀን በፊት ከሴት ልጇ ጋር መጣች። ሁለቱም ያተኩሳቸው ነበር። ሁለቱም ጣታቸውን ተወጉ። ሁለቱ ኪቶች ፊቴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ጠበቅኳቸው፤ ሁለቱም አንድ አንድ መስመር ብቻ አወጡ። መዝገቡ ላይ ከላይና ከታች «የለም»፣ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። የትኩሳት ማብረጃ ተሰጣቸውና ሄዱ።

ከመሄዳቸው በፊት ነው እናትየው የጠየቀችኝ። «ስጠኝ» አለች፣ የራሷን ኪት እያሳየች። «የእኔ ደም ነው አይደል?» የልጅቷ ኪት ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ነበር። የእሷን ግን ገና በእጄ ይዤያት ነበርና ሰጠኋት።

ለምን እንደፈለገቻት የገባኝ አሁን፣ እዚህ ጠረጴዛ ፊት ስትናገር ነው።

«ወርቅ መጀመሪያ ስታጥብ አይታይም» አለችው ባለሙያውን፤ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ቀስ ብላ። «ገበቴው ውስጥ ጥቁር አሸዋ ብቻ ነው። ሞኝ ይደፋዋል። እኔ አልደፋም። አስቀምጣለሁ። ይደርቃል። ፀሐይ ላይ እንደገና አያለሁ። ያኔ ይወጣል። ይሄንንም አስቀመጥኩ። ደረቀ። አየሁ። ወጣ። ወላሂ አንተ ቸኩለህ ነው የደፋኸው።»

ባለሙያው ግንባሩን ያዘ። የግልገል በለስ ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ጋዋኑን ራሱ አጥቦ ራሱ የሚተኩስ። «እናቴ፣ ይሄ ወርቅ አይደለም። ደሙ ሲደርቅ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ጥላ ይሠራል። የማንም ደም ቢሆን ይሠራል። የእኔን ብታስቀምጪውም ሊያወጣ ይችላል።»

«እሺ። ልጄስ?»

ይሄ ነበር ነገሩ። ስለ ራሷ አልነበረም የመጣችው። ልጅቷ ወርቅ ማጠቢያው ዘንድ በተሠራ የሣር ዳስ ውስጥ ተኝታለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላችም። ትናንት የገዛ እናቷን በሌላ ሰው ስም ጠርታታለች። ዝናብ ዥረቱን ስለሞላው ተሸክሞ የሚያሻግራት አልተገኘም። እናትየው ብቻዋን እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ተሻግራ፣ ኪቷን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። የልጇን የወባ መድኃኒት ይዛ ልትመለስ።

«ያላየሁትን ሰው መድኃኒት አልሰጥም» አለ። «ባየኋትም ጊዜ ኪቱ የለም ብሏል። ሌላ በሽታ ቢሆንስ? የወባ መድኃኒት ሰጥቼ፣ ወባ ነው እያልን ሌላው ቢገድላትስ?»

«ታዲያ እኔን እየኝ። አንድ ዳስ ነው የምንተኛው። አንድ ትንኝ ነው የነከሰን። የእኔም ኪት የለም ብሏል፣ የእሱም የለም ብሏል።» ልጇንም በወንድ ነው የምትጠራት። «የእኔ የለም ውሸት ከሆነ፣ የእሱም ውሸት ነው።»

እኔም ነገሩን በሆዴ ገለበጥኩት፤ ትክክል ትመስላለች፣ ግን የተነሳችው ከማይነበብ መስመር ነው። ከስህተት ተነስቶ ትክክል ቦታ መድረስ ይቻላል? ባለሙያው ግንባሯን በእጁ ጀርባ ነካው። ይግላል። «በኪት አላይሽም» አለ። «ደምሽን መስታወት ላይ ቀብቼ ስላይድ እሠራልሻለሁ።»

ደሙ መስታወት ላይ እስኪደርቅ፣ ከዚያም ቀለሙን እስኪጠጣ ድረስ ብዙ ቆየን። ነርሷ ለስብሰባ አሶሳ ሄዳ ስለነበር የመድኃኒቱም ሥራ በእሱ ላይ ነበር፤ ሁለቱን ወረፋተኞች እስኪያስተናግድ እኔና የቤት አከራዬ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

አባቴ በሰፈራ ከወሎ ሲመጣ ምርመራ የሚባል ነገር አልነበረም ይላል። ሰው ከተንቀጠቀጠ ወባ ነው። ካልተንቀጠቀጠም ወባ ነው፣ ገና ሊንቀጠቀጥ ነው። ብዙ ሰው ቀበሩ፤ ምን እንደገደለው የተጠየቀለት አንድም አልነበረም። እኔ ልጅ ሳለሁ ደግሞ አሶሳ ተወስጄ ጣቴን ተወጋሁ፤ ወረቀት ላይ የመደመር ምልክት ተደርጎ ተሰጠን። አባቴ ያቺን ወረቀት እንደ ፈተና ውጤት ለጎረቤት ሲያሳይ ትዝ ይለኛል። «የእኔ ልጅ ሁለት መደመር ነው ያመጣችው!» ያኔ ማወቅ ማለት ይሄ መሰለኝ። ሰው መስታወት ውስጥ አይቶ፣ አረጋግጦ፣ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ኪት መጣ። መብራት አይፈልግም፣ ባለሙያ አይፈልግም፣ እኔ እንኳ አነበዋለሁ። የበለጠ ማወቅ መሰለኝ። አሁን ግን ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ትኩሳት በትከሻዬ በኩል ይሰማኝ ነበር፤ በእኔ የእጅ ጽሑፍ «የለም» የሚለው ቃል ደግሞ መዝገቡ ላይ እንዳለ አለ። አባቴ ሰው ሲንቀጠቀጥ አይቶ የሚያውቀውን ያህል እንኳ አላውቅም ነበር።

«አንተ ምን ትጽፋለህ ሁልጊዜ?» አለችኝ ድንገት፣ የመመሪያውን ወረቀት እያየች።

«ግጥም።»

«ያድናል?»

«አይ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ለምን ታቆሽሸዋለህ?» አለችና በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ቀለሙ ታጥቦ ስላይዱ ደረቀ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ ባለሙያው አሮጌውን፣ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚቀበለውን ማይክሮስኮፕ መስኮቱ ዘንድ አቆመ። ሌላ ቀን ብናገር ማንም የማያምነኝ ነገር ነው፤ ሰውዬው በዚያ አሮጌ ዕቃ ላይ ሲያጎነብስ ፊቱ ይለወጣል። ትከሻው ይወርዳል። ለማንም አይቸኩልም። «መቶ ቦታ ሳላይ የለም አልልም» ይላል ሁልጊዜ፣ ጠየቅነውም አልጠየቅነውም።

ስላይዱን ትንሽ እያንቀሳቀሰ ያያል፣ ያያል። ደመና ሲመጣ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ሲሄድ ያጎነብሳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ እጁ ቆመ።

«አንድ ነገር አየሁ» አለ። «አንድ ብቻ። የቀለም ቆሻሻም ሊሆን ይችላል።» ወደ እኔ ዞረ። «ዓይንሽ ጥሩ ነው። ነይ እይ።»

አየሁ። ሐምራዊ ጭጋግ ውስጥ ሰማያዊ ቀለበት፣ ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ። ወይም እንደዚያ ያየሁ መሰለኝ። ቀለበት እንደሚመስል ከዚህ በፊት ነግሮኝ ነበር፤ የተነገረኝን ይሁን ያለውን ያየሁት መለየት አቃተኝ። እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅ ሳይ ወንዝ የሚታየኝ ሰው ነኝ። «ቀለበት… ይመስላል» አልኩ።

«ይመስላል ምን ማለት ነው? አለ ወይስ የለም?»

«አላውቅም።»

«እኔ ልይ» አለች የቤት አከራዬ።

«እናቴ፣ ይሄ ልምድ ይፈልጋል።»

«አሸዋ ውስጥ ከቅንጣት ያነሰ ወርቅ ሳይ አርባ ዓመት ሆኖኛል። አንተ ስንት ዓመት ሆኖሃል?»

ባለሙያው ከወንበሩ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። ተቀመጠች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ሌላውን፣ በመጨረሻ እጇን ፊቷ ላይ ከልላ ተመቻቸች። ትንፋሿን ዋጠች። እኔ ያየሁት ከአንድ ደቂቃ በታች ነበር፤ እሷ ደመና መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ዓይኗን አላነሳችም።

«መሃል ያለው ቆሻሻ ነው» አለች።

«ምን?»

«ቆሻሻ። የቀለም ፍርፋሪ። ዳሩ የተቀደደ ነው። ግን ከላይ፣ በዚህ በኩል» በቀኝ እጇ አየሩ ላይ አመለከተች፣ «ጠርዙ ላይ አንድ አለ። ትንሽ። እሱ ክብ ነው። ሙሉ ነው።»

ባለሙያው በቆመበት አጎንብሶ አየ። ስላይዱን በጥፍሩ ገፋ አደረገ። እንደገና ገፋ። ፊቱ ላይ የማውቀው መረጋጋት ጠፋ። ወደ ሌላ ቦታ አንቀሳቀሰ፣ አየ፣ ወደ ሌላም። በጣቱ አየር ላይ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረ።

«አለ» አለ በመጨረሻ።

ማንም ደስ ያለው የለም። የቤት አከራዬ ኪቷን ከጠረጴዛው አንስታ ተመለከተቻት።

«እንግዲህ ይሄ እውነት ተናግሯል።»

«አልተናገረም» አለ ባለሙያው። «እሱ መስመር ዋጋ የለውም። ነገርኩሽ።»

«ኪቱ ‹አለ› አለ። አንተም ‹አለ› አልክ።»

«አዎ፣ ግን ሳያውቅ ነው ያለው።»

«ሳያውቅ እንዴት ያገኘዋል?» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ንገረኝ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ይላል?»

እኔም አልገባኝም ነበር። ሩብ ሰዓት ላይ ያነበብኩት፣ መመሪያው ባዘዘው ሰዓት የተነበበው፣ ስህተት ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ የተነበበው፣ መመሪያው የከለከለው ስህተት፣ ትክክል ሆነ፤ ግን ትክክል የሆነው በራሱ አይደለም። ባለሙያው ቆሻሻው ላይ ሲጠራጠር፣ ከጎኑ ያለውን እውነተኛ ወባ አላየም። ይሄን ሁሉ በየትኛው ዓምድ እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። መዝገቡ ላይ ያሉት ሁለት ዓምዶች ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ያን ቀን ኪቱ ለምን የለም አለ?» አልኩት።

«አሶሳ ስልጠና ላይ ነግረውን ነበር» አለ። «ኪቱ ተሕዋሲውን አያይም። ተሕዋሲው የሚተፋውን አንድ ነገር ነው የሚፈልገው። አሁን ያን ነገር የማይተፋ ዘር እየወጣ ነው አሉ። ሌላ ነገር የሚፈልግ አዲስ ኪት ይመጣል ተብሏል። ሌላ ቦታ መስሎኝ ነበር ያለው። ወይም ደግሞ ያን ቀን ገና ጥቂት ነበር፣ አልያዘውም። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መዝገቡን ገልብጪ» አለኝ። «የለም ያልናቸው… ተይ፣ ኋላ።»

«ልጄ» አለች የቤት አከራዬ።

«ነገ ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽኗን መውጊያና መስታወት አስይዤ እልካለሁ። ደም ታመጣልኛለች፣ ወዲያው አያለሁ።»

«ነገ!»

«ያላየሁትን አልሰጥም አልኩሽ። ዛሬ ያየሁት አንቺን ነው። ያንቺን እሰጥሻለሁ።»

ካቢኔውን ከፍቶ አንድ ሰው የሚድንበትን አወጣ። «አራት አራት፣ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ቀን። ለሁለት የሚከፈል አይደለም። ለሁለት ከከፈልሽው ለአንዳችሁም አይሆንም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ማይልኝ።»

«ወላሂ ገባኝ አልኩህ።»

ዓይኗን አየሁት። ገበቴ ስታማስል የሚኖራት ዓይነት ነው፤ ሌላው ሁሉ ይፈሳል፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ወርቋን የምታስቀምጠው ባዶ የመርፌ ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ ብልቃጡን ከሻሿ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። አሁን ያንን ቋጠሮ ፈትታ፣ መድኃኒቱን ከብልቃጡ ጎን አስገብታ፣ መልሳ ሁለቴ አጥብቃ አሰረችው። ለመዋጥ የተዘጋጀ ሰው እንደዚያ አያስርም።

ባለሙያውም አየ። «የመጀመሪያውን እዚሁ፣ እኔ ፊት ውጪው» አለ።

«ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም። በባዶ ሆድ አትዋጡ የምትለው አንተ ነህ። እተፋዋለሁ። ቤት ሄጄ፣ በልቼ።»

እውነቷን ነው፤ እሱ ራሱ ነው ለሁሉም የሚለው። ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። ሁልጊዜ የምቀማምስ ሰው መሆኔን ያውቃል፤ ስለዚህም ያሾፍብኛል።

«መሳቢያሽ ውስጥ የሚቀመስ ነገር አለ?»

ጠዋት ከሱቅ የገዛሁት ዳቦ ግማሹ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ ከግጥሞቼ ጎን። ባወጣው ትበላለች፣ ከበላች ፊቱ ትውጣለች፣ ከዋጠች የቀረው ለልጇ አይሆንም። ባላወጣው እየጋለች እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ለራሷ ሳትውጥ። ልጅቷ ወባ ይሁን ሌላ በሽታ ማንም አላየም። አንደኛዋን ባድን ሌላዋን፣ ወይም ሁለቱንም፣ ወይም ማናቸውንም። የቱ ትክክል እንደሆነ የሚነግረኝ መስመር አልነበረም። የቤት አከራዬ ግን ቀጥ ብላ እያየችኝ ነበር። ያን ቀን ኪቷን ስትለምነኝ እንዳየችኝ።

«የለም» አልኩ።

ባለሙያው መሳቢያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ማይክሮስኮፑ ዞረ። «ቤት እንደደረስሽ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «እንደበላሽ፣ ወዲያው።»

«ኢንሻአላህ» አለች።

ኪቷን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሳች፤ ከዚህ በኋላ አታስፈልጋትም። በአጠገቤ ስታልፍ ትኩሳቷ ፊቴ ላይ ነፈሰ። መዝገቡ ፊቴ ተከፍቶ ነበር፤ ከሦስት ቀን በፊት ከላይና ከታች በጻፍኳቸው ሁለት «የለም»ዎች ላይ እስክሪብቶዬን አሳርፌ፣ አንዱን እንጂ ሌላውን መሰረዝ እንደማልችል እያሰብኩ ሳለሁ፣ የቋጠረችውን የሻሽ ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣ ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።